በወር አንድ ጣት

አውሮፕላን የሚበረው የተሳፈሩበት ሰዎች ቀላል ስለሆኑ ነው ብዬ አምን ነበር። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከትልልቅ ሰዎች ንግግር ቁርጥራጭ ለቃቅሜ ራሴ የሰፋሁት እምነት ነው። አክስቴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጇ እንደ ሕፃን ታቅፋ ገባችና፣ «ተቀብለውኛል፤ የቀረኝ ትንሽ መቅለል ብቻ ነው» አለች። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ።

ያን ጊዜ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እሷ ሃያ አራት። ዛሬ በዕድሜ በብዙ እበልጣታለሁ፤ እሷ ከሃያ አራት አላለፈችም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ ያኔ እኔ በነበርኩበት ተስፋ ውስጥ ማንንም ማስቀመጥ ስለማልሻ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ የምትኖረውም ከእኛ ጋር ነበር። ሥራዋ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ ትኬት መቁረጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ሌላውን ሰው ወደ ሩቅ ስትሸኝ ትውልና በዚያው በለመደችው መንገድ ወደ ግቢያችን ትመለሳለች። «አገር ምድሩን የሸኘሁት እኔ፣ ከዚህ ሰፈር ወጥቼ አላውቅም» ትል ነበር እየሳቀች። ሳቋ ግን መጨረሻው ላይ ትንሽ ይሰበር ነበር። በዚያ ዓመት አንድ የሩቅ አገር አየር መንገድ በከተማችን ቢሮ ከፍቶ አስተናጋጆች ሲፈልግ፣ ማንንም ሳታማክር ሄደች። ቋንቋውን አለፈች። ቁመቷን ለኩ፤ ጥርሷን አዩ፤ አረማመዷን ተመለከቱ። በመጨረሻ የደንብ ልብሱን አስያዟት።

«ልብሱ ለሁሉም አንድ ነው» አለቻት የቢሮው ሴት። «አይሰፋም፣ አይጠብም። በሁለት ወር ውስጥ ግቢበትና ለብሰሽው ነዪ።»

ከኋላዋ ተራ የያዙ ሌሎች ሴቶች ነበሩ፤ እሷ ባትገባበት የሚገቡበት።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የቤታችን የፊት ክፍል የእሷ ነበር፤ ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ መሐል ላይ ጨርቅ የምትቆርጥበት ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደንበኞች የሚለኩበት መጋረጃና ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት። የእኔ ቦታ ጠረጴዛው ሥር ነው። ከላይ የሚወድቀው ቁርጥራጭ ሁሉ የእኔ ነበር፤ የሚወድቀው ወሬም እንዲሁ። ደንበኞቹን የማውቃቸው ከጉልበታቸው በታች ነው። ማን በጫማዋ እንደምትጨነቅ፣ ማን እናቴ ወገቧን ስትለካ ትንፋሿን ይዛ በእግር ጣቶቿ እንደምትቆም አውቅ ነበር።

ጥቅሉ ሲፈታ ጥቁር ሰማያዊ ኮትና ጉርድ ቀሚስ ወጣ። ኮቱ እንደ ተሰፋላት ሆነ። ጉርዱ ግን ዳሌዋ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ፤ የጎኑ ዚፕ እንደ ተከፈተ አፍ ቀረ። እናቴ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ወገቧን ለካች፤ ቀጥላ ጉርዱን ለካች፤ ከዚያም ጣቶቿን ክፍተቱ ላይ አጋድማ አስቀመጠች። አራት ጣት ገባ።

«አራት ወር» አለች።

«ምኑ?»

«ወገብ ቸር ከሆነ በወር አንድ ጣት ይሰጥሻል። ያውም በልተሽ፣ በእግርሽ ሄደሽ፣ እንቅልፍሽን ጠግበሽ። አንዳንዱን ወር ደግሞ ይኮራና ምንም አይሰጥሽም። ስንቱን ወገብ ስለካ ነው የኖርኩት፤ ሥጋ እንደ አመጣጡ ነው የሚሄደው። በዓመት የመጣ በሳምንት አይወጣም።»

«ሁለት ወር ነው የሰጡኝ፣ እታለም።»

«እንግዲያው ሁለት ጨምሩልኝ በያቸው።»

«ማንን? ያቺን ሴትዮ? ‹ቀጣይ› ነው የምትለኝ።»

ጎረቤታችን ታይፒስቷ በዚያ ሰዓት የምታሳጥረውን ቀሚስ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጥፍሮቿ ቀይ ናቸው፤ ስትናገር ጠረጴዛውን እንደ ታይፕ መኪናዋ በጣቶቿ ትመታዋለች።

«ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል» አለች እናቴ ወደ እህቷ እያየች።

«እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ አውሮፕላኑ ይነሣል» አለች ታይፒስቷ።

አክስቴ ሳቀች። እናቴም ሳትፈልግ ሳቀች። እኔም ጠረጴዛው ሥር ሆኜ እግር ያወጣ እንቁላል አውሮፕላን ሲያባርር ታየኝና ሳቅኩ።

«በእኛ መሥሪያ ቤት አንዲት ጸሐፊ አለች» ቀጠለች ታይፒስቷ። «በአሥራ አምስት ቀን፣ እንደ ቆመች ጉርዷ ወለቀባት ነው የምልሽ።»

«አሁንስ?» አለች አክስቴ።

«አሁንማ ፈቃድ ላይ ናት።»

የምን ፈቃድ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ይህን ጥያቄ ብቻዬን ስሆን እስከ ዛሬ እጠይቀዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአክስቴ ሳህን ወደ እኔ መንሸራተት ጀመረ። ቁርሷን እኔ በላሁት፤ ምሳዋን ለመናኸሪያው ዘበኛ ሰጠሁት ትላለች፤ ራት ላይ ሹካዋ ሳህኑ ላይ ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል እንጂ ወደ አፏ አይመጣም። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ባዶ ማሰሮ እሳት ላይ ቢጣድ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?» ስትላት፣ «ይቀላል» ብላ ትመልሳለች። ይህ ለእኔ ትልቅ ጨዋታ ነበር። እሷ ስትቀል እኔ እከብዳለሁ፤ በመጨረሻ አንዳችን ሰማይ ላይ አንዳችን ምድር ላይ እንቀራለን። ማን የት እንደሚቀር ግን ተሳስቼ ነበር የገመትኩት።

ጠዋት ከመውጣቷ በፊት አንዲት ትንሽ ነጭ ክኒን በምላጭ ለሁለት ትከፍልና ግማሿን በውኃ ትውጣለች። እኔ የሳል መድኃኒት ያህል እንኳ ቦታ አልሰጠኋትም። እናቴ አላየችም፤ በዚያ ሰዓት የደንበኛ ልብስ በካውያ ስትተኩስ ነው የምትገኘው። ክኒኗን ያመጣችላት ታይፒስቷ እንደ ነበረች ያወቅነው ኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን፣ አክስቴ ሥራ ላይ ሳለች፣ እናቴ የፊት ክፍሉን በር ከውስጥ ቀረቀረች። በቀን በሯን ቀርቅራ አታውቅም። ጠረጴዛው ሥር መኖሬን ግን ረስታለች። ጥቁር ሰማያዊውን ጉርድ ገልብጣ ጉልበቷ ላይ አነጠፈችው፤ ምላጭ አነሣች፤ የጎኑን ስፌት ክር በክር መበጠስ ጀመረች። የክሩ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ጥክ፣ ጥክ፣ ጥክ። የተበጠሰው ክር እንደ ጥቁር ፀጉር ፊቴ ላይ ይረግፍ ነበር።

እያበላሸችው ነው አልኩ በሆዴ። አክስቴ እንድትሄድ አትፈልግም። እናቴ እህቷን እንደምትወዳት ስለማውቅ፣ የምትወጂውን ሰው እንዳይሄድብሽ ልብሱን መቅደድ እንደሚቻል በዚያ ቀን የተማርኩ መሰለኝ። ፈራሁ። ጉልበቴን አቅፌ ትንፋሼን ዋጥኩ።

እናቴ ያን ቀን ምን ታደርግ እንደ ነበር የነገረችኝ እኔ ራሴ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። የጉርዱን ውስጥ ስትመረምር ወደ ውስጥ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ አገኘች፤ ቢፈታ ሁለት ጣት ያህል የሚሰጥ። ሐሳቧ ቀላልና የልብስ ሰፊ ሐሳብ ነበር፤ በሁለት ወር ሁለቱን ጣት ሰውነቷ ያመጣል፣ ሁለቱን ጨርቁ ያመጣል፣ መሐል መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ለእህቷ ግን መንገር አልቻለችም። አይሰፋም ተብሏል፤ አክስቴ ደግሞ ቢሮ ገብታ ፊቷን መደበቅ የማትችል ሰው ናት። ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ልትለቅላት ወሰነች። ጉርዱ ሲላላ ስታይ ደስ ይላታል፤ ደስ ሲላት ትበላለች። ልብስ ሰፊ ሁሉ ስፌት ሲፈታ የመጀመሪያውን መስመር በነጭ ክር ይከተለዋል፤ ቢሳሳት የሚመለስበትን ለማወቅ። እናቴ ያን ነጭ ክር አላስገባችም። አክስቴ እንዳታየው ብላ።

እሑድ ዕለት አክስቴ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ጉርዱን ለበሰች። ከዚያ የዚፕ ድምፅ መጣ፤ ከበፊቱ የረዘመ።

«እታለም» አለች ቀስ ብላ። «እታለም፣ ነዪ እዪኝማ።»

ዚፑ የጣት ስፋት ያህል ወደ ላይ ወጥቶ ነበር። ታይፒስቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ አጨበጨበች። እናቴ አፏን በመርፌ ዘግታ ፈገግ አለች፤ ልብስ ሰፊ መርፌ በከንፈሩ ይዞ ፈገግ ሲል ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም።

«አየሽ» አለች መርፌዋን አውጥታ። «በስሎ የሚመጣ ነገር አያስቸኩልም። አሁን እንደ ሰው ብትበዪም ትደርሺበታለሽ።»

«መብላት?» አክስቴ ወደ መስታወቱ ዞረች። «ይሄ እኮ የግማሽ ክኒን ሥራ ነው። ግማሹ በሳምንት ይህን ካደረገ ሙሉው ምን ሊያደርግ ነው?»

«የምን ክኒን?» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ ያመጣሁላት» አለች ታይፒስቷ፤ ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ ደስ ብሏቸው እየረገጡ። «እንቁላልሽ እግር አወጣ፣ እመቤት።»

ከጠረጴዛው ሥር የእናቴ እግሮች ይታዩኝ ነበር። ተረከዞቿ ከነጠላ ጫማዋ ላይ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ልክ ወገባቸው ሲለካ ትንፋሻቸውን እንደሚይዙት ደንበኞች። ከዚያ ተመልሰው ወረዱ። እኔ ዝምታዋን የተያዘ ሌባ ዝምታ ነው ብዬ ፈረድኩባት። ዛሬ ግን የማስበው ሌላ ነው፤ በገዛ እጇ የፈታችው ስፌት በእህቷ ፊት ቆሞ ለክኒኑ ሲመሰክርለት የሰማች ሴት ዝምታ ነበር።

በማግስቱ ክኒኗ መከፈል ቀረች።

በዚያ ወር አክስቴ በጣም ታምራለች። ዓይኖቿ ተለቅ ብለው ያበራሉ፤ ጉንጮቿ ገቡና አጥንቷ እንደ ፎቶግራፍ ሰዎች ወጣ። ፈጥና ትናገራለች፤ ፈጥና ትነሣለች፤ የተቀመጠችበት ወንበር የሚፈጃት ይመስላል። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትደርባለች። ሰማይ ላይ ብርድ እንደሆነ ሰምቼ ስለ ነበር፣ ልምምድ ላይ ናት አልኩ። ማበጠሪያዋ ላይ የሚቀረውን ፀጉር ሰብስቤ ለአሻንጉሊቴ አደረግሁት፤ በቂ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ቀድማ መጥታ አልጋ ላይ ጋደም አለች። አጠገቧ ወጥቼ ጆሮዬን ደረቷ ላይ አኖርኩ። ከውስጥ የሚሰማው ነገር ምት አልነበረም፤ ሩጫ ነበር። ይሮጣል፣ ይሰናከላል፣ ቆም ይላል፣ እንደገና ይሮጣል።

«አክስቴ፣ ውስጥሽ ሞተር አለ።»

«ተነሥቷል?»

«እየሮጠ ነው።»

«በይ እንግዲህ ቀበቶሽን እሰሪ» አለችና እጇን እንደ ቀበቶ ሆዴ ላይ አጋደመችው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። መንቀጥቀጡንም ወደድኩት፤ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

ይህን ለእናቴ በኩራት ነገርኳት። ሱሪ እየሰፋች ነበር፤ እግሯ ከመኪናው መርገጫ ላይ ቆመ። «ምን አልሽ?» አለች። ደገምኩላት። እንደገና አስደገመችኝ። ልጆች ደጋግመው ሲጠየቁ ያስደሰቱ ይመስላቸዋል፤ እኔም በሦስተኛው ላይ ድምፁን አስመስዬ አሳየኋት።

በማግስቱ በሩ እንደገና ተቀረቀረ። እናቴ ጉርዱን ገልብጣ ከፍታ ያሰፋችውን ስፌት ወደ ውስጥ መለሰችና ሰፋችው። እፎይ አልኩ። ተጸጽታለች፣ ያበላሸችውን እየጠገነች ነው አልኩ። ነገር ግን ስትሰፋ እጇ ደጋግሞ ይቆም ነበር። ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሣዋለች፤ ትመረምረዋለች፤ ትንሽ ታጠበዋለች፤ ትፈታዋለች፤ መልሳ ታጠበዋለች። በጨርቁ ላይ የቀሩት የመርፌ ቀዳዳዎች ከብዛታቸው የተነሣ የትኛው የፋብሪካው፣ የትኛው የእሷ እንደሆነ መለየት አቅቷት ነበር። ከፊቷ ያየሁት ያን ነው። ልብስ ሰፊ እናቴ የልብስ ነገር ሲጠፋባት አይቼ አላውቅም ነበርና ስሙን አላወቅኩትም።

የዚህ ሁለተኛው ሥራዋ ሐሳብም እንደ ፊተኛው ቅን ነበር። አክስቴ ጉርዱ መልሶ እንደ ጠበበባት ስታይ፣ ክኒኑ እንደማይሠራ ተረድታ ትተወዋለች አለች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ሁሉ፣ ያፈሰሰችውን መልቀሟ ነበር።

እሑድ ሲመጣ አክስቴ ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ዚፑ ከመሐል በታች ቀርቷል። ጉርዱን በሁለት እጇ ይዛ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን ሳይሆን እናቴን አየቻት።

«ቆመብኝ» አለች።

«ነገርኩሽ እኮ» አለች እናቴ። ድምፅዋ ጭንቅ ያለበት ነበር። «ይሄ ነገር መጀመሪያ ያታልላል። ክኒኑን ጣዪው። ብዪ። በወር አንድ ጣት...»

«የጣት ነገር ተዪኝ። ወር የለኝም እኔ፤ ሦስት ሳምንት ነው ያለኝ።»

«ጉንጭሽን እዪው እስቲ። አጥንትሽን እዪው።»

«ጉንጬን አይደለም የሚለብሱት።»

«ብትቀሪስ? ብትቀሪ ምን ይመጣል? እዚህ ሞተናል እንዴ?»

አክስቴ ዞረች። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም ነበር፤ ፊቷ ወረቀት መስሎ ዓይኗ ብቻ ይነድ ነበር። «አንቺ እዚያ ወንበር ላይ ተሰፍተሽ ቀርተሻል። ሌላው ሰው ተነሥቶ ሲሄድ ሜትር ይዘሽ ትለኪዋለሽ። እኔን ሰፍተሽ ማስቀረት ግን አትችዪም፣ እታለም።»

እናቴ አፏን ከፈተች። ልትነግራት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ምሳችንን አብረን እየበላን ሳለ ያለ ምንም መነሻ፣ «ያን ቀን ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር» አለችኝ። «ከነገርኳት ግን እስከ ዛሬ የደከመችው ከንቱ እንደ ነበር መንገሬ ነው አልኩ። ትንሽ ትረጋጋ፣ ሰኞ እነግራታለሁ አልኩ።» ከዚያ ማንኪያዋን አስቀመጠች፤ ምሳውም በዚያው ቀረ።

ሰኞ አክስቴ እናቴን ሳትጠብቅ በማለዳ ወጣች። ክኒኗን ስትውጥ እኔ በሩ ላይ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። አንዷን ዋጠች። መዳፏን አየት አደረገችና ሌላ ጨመረች። እንደገና ሌላ። «ዛሬ ነዳጅ ሙሉ ነው» አለችኝና ጠቀሰችኝ። እኔም በሁለት እጄ ክንፍ ሠርቼ እስከ ግቢው በር ድረስ ሸኘኋት።

ያ ሳምንት እንዲያ አለፈ፤ የሚቀጥለውም። እናቴ ልትነግራት በተነሣች ቁጥር አክስቴ ከክፍሉ ትወጣ ነበር። ሁለቱ እህትማማቾች «ውኃ አቀብዪኝ» እንኳ በእኔ በኩል ነበር የሚባባሉት።

ከዚያ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የመናኸሪያው ዘበኛ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። እናቴን ሲያይ መጀመሪያ የተናገረው፣ «አትደንግጪ» የሚለውን ቃል ነበር። አክስቴ ለአንድ መንገደኛ ትኬት ቆርጣ በመስታወቱ ቀዳዳ ልታቀብለው እጇን እንደ ዘረጋች ወንበሯ ላይ ተደፍታለች። መንገደኛው ትኬቱን ከጣቶቿ መሐል ለማውጣት ተቸግሮ ነበር አሉ።

እኔን የምትተውበት ስላልነበራት እናቴ እጄን ይዛ ሮጠች። ሆስፒታሉ ረጅም ኮሪደር ነበረው፤ ግድግዳው እስከ ትከሻ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ። አክስቴ ደረቷ ላይ ሽቦ ተለጥፎ፣ ጭንቅላቷ በትራስ ከፍ ብሎ ተኝታ ነበር። ሽቦው አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሣጥኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ይዘልላል። ሞተሯን እያዩላት ነው አልኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ለእናቴ ሳይሆን ለአክስቴ ተናገረ።

«መክሳት የጀመርሽው መቼ ነው?»

«በመጀመሪያው ሳምንት» አለች አክስቴ። ከንፈሯ ደርቆ ቃሉ ይጣበቅባት ነበር። «በግማሽ ክኒን። አንድ ጣት ሙሉ። ከዚያ ቆመብኝ። ለዚያ ነው የጨመርኩት።»

«በግማሹ፣ በአንድ ሳምንት ያን ያህል?» ራሱን ነቀነቀ። «አይሆንም። አስቢ እስቲ፤ የሚሰጥሽ መድኃኒት በዚህ ላይ ነው የሚወሰነው። መቼ ነው የጀመረሽ? ስንት ነበር የምትወስጂው?»

«በልብስ ነው የምለካው። ልብስ አይዋሽም።»

በዚህ ጊዜ እናቴ ከአልጋው ግርጌ ሆና፣ «አልከሳችም ነበር» አለች።

ሐኪሙ ቀና አለ። አክስቴም ዓይኗን ወደ እሷ መለሰች።

«የመጀመሪያውን ሳምንት። እኔ ነኝ። ስፌቱን ፈትቼ አስፍቼላት ነው። ትብላ ብዬ።» እናቴ የአልጋውን ብረት ይዛ ነበር። «ኋላ ደግሞ መልሼ አጠበብኩት። አልቆመባትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀን በቀን እየከሳች ነበር። እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

«እንግዲያው ሁሉም የመጣው በዚህ ወር ተኩል ነው» አለ ሐኪሙ፤ ለራሱ እንደሚናገር። ተነሥቶ በፍጥነት ወጣ፤ በኮሪደሩ ውስጥ ሰው ሲጠራ ሰማነው።

እኔ ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ ጠበቅሁ። ወጣባት አልኩ፤ ልብሱን ስታበላሽ እንደ ነበር በራሷ አፍ ተናገረች፤ አሁን አክስቴ ትቆጣለች። አክስቴ ግን አልተቆጣችም።

«ገብቼበት ነበር?» አለች።

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? አንቺ?»

«የመጀመሪያው መስመር ጠፋብኝ» አለች እናቴ።

ገብታበት ነበር። እናቴ ይህን ያወቀችው ከወራት በኋላ ጉርዱን እስከ መጨረሻው ስትፈታው ነው። ከመቀነቱ ሥር፣ ምላጯ ደርሶበት በማያውቅ ቦታ፣ የፋብሪካው ስፌት ትንሽ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ተነሥታ ለካችው። አክስቴ ከታመመችበት ቀን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ያ ጉርድ እንደ ተሰጣት ቢሆን ኖሮ፣ ዚፑ እስከ ላይ ይዘጋላት ነበር።

ያን ቀን ግን ማንም ይህን አላወቀም። አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎን ነበር።

«ርቦኛል» አለች።

እናቴ መጀመሪያ የሰማች አልመሰለችም። ከዚያ ተነሥታ ወጣች፤ በኮሪደሩ ስትሮጥ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ነርሷን አስፈቅዳ ለብ ያለ ወተት በኩባያ ይዛ ተመለሰች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በማንኪያ አጠጣቻት፤ ከእያንዳንዱ ማንኪያ በኋላ አገጯን በመዳፏ ትጠርግላታለች። አንድ ጊዜ ብቻ አክስቴ፣ «ስኳር የለውም» አለች፤ እናቴም፣ «ነገ ይኖረዋል» አለቻት። ኩባያው ጎደለ። እኔ ከአልጋው ብረት ሥር አንገቴን አስግጌ እያየሁ፣ ጠበኞቹ እንደ ታረቁ፣ በሽታውም እንዳለፈ ገባኝ። የበላ ሰው ይድናል። ይህን ማንም የሚያውቀው ነው።

ወደ ማታ ታይፒስቷ መጥታ እኔን ወደ ቤት ወሰደችኝ። በመንገድ ላይ እጄን አጥብቃ ይዛለች። የአንድ እጇ ቀይ ጥፍሮች ተበልተው አልቀዋል። «አክስቴ በላች እኮ» አልኳት። ቆመችና ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከደስታ ነው ብዬ ጠበቅኋት።

ግቢያችን ስንደርስ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ነገርኩ። በር በበር እየዞርኩ፣ «ድናለች፤ በላች፤ ነገ ትመጣለች» አልኩ። ሴቶቹ ጭንቅላቴን እየዳበሱ፣ «አሜን» ይሉኛል፤ አንዷም እንኳ ልጅን ማረም የደፈረች አልነበረችም። ታይፒስቷ ከአጠገቤ ቆማ ነበር፤ እሷም አላረመችኝም።

ጠዋት ስነቃ ግቢው ውስጥ የብዙ ሰው ድምፅ ነበር። በመስኮት አየሁ። የመናኸሪያው ዘበኛ፣ ሁለት ትኬት ቆራጮች፣ የእናቴ ደንበኞች፣ የማላውቃቸውም ሰዎች ቆመዋል፤ ሁሉም ወደ ግቢው በር ያያሉ። ሊቀበሏት እንደ መጡ ወዲያው አወቅሁ። እንግዳ ቆሞ እንደማይጠበቅ እናቴ አስተምራኛለች። ስለዚህ ወደ ፊት ክፍሉ ገብቼ የደንበኞቹን ወንበር፣ ቀጥሎም የእናቴን የስፌት ወንበር፣ አንድ በአንድ እየጎተትኩ ወደ ደጅ ማውጣት ጀመርኩ። ወንበሩ ያስፈልግ ስለ ነበር ማንም አላስቆመኝም።